ሸይኽ ሙሐመድ አማን አል-ጃሚ፦ ከሐረር እስከ ዶክትሬት
ሸይኽ ሙሐመድ አማን አል-ጃሚ በ1349 ዓመተ ሒጅራ በሐረር አካባቢ ተወለዱ። ቁርኣንን፣ የሻፊዒይን ፊቅህና የዐረብኛን ሰዋስው በሀገራቸው ከተማሩ በኋላ፣ ዒልም ፍለጋ በሶማሊያ በኩል ባሕር ተሻገሩ፤ ከየመን በእግር ተጉዘውም በ1369 መካ ደረሱ።

ሪያድ የተሻለ በር ከፈተችላቸው። በመዕሀድ አል-ዒልሚ ተቋም ተማሩ፤ ከሙፍቲው ሸይኽ ሙሐመድ ኢብን ኢብራሂምና ከሸይኽ ዐብዱልዐዚዝ ቢን ባዝ ዕውቀት ቀሰሙ፤ በ1380ም ከሸሪዓ ኮሌጅ ተመረቁ።

በመዲና ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆኑ በኋላም ዳግም ተማሪ መሆንን አልናቁም። ከአርባ ዓመት ዕድሜ በኋላ ማስተርሳቸውን ከፓኪስታኑ ፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ፣ ዶክትሬታቸውን ከካይሮው ዳሩል ዑሉም አገኙ። የድካማቸው ፍሬ ከየሀገሩ መጥተው ከእርሳቸው የተማሩ ደረሶቻቸው ናቸው። በሻዕባን 1416 መዲና ውስጥ አረፉ። አላህ ይዘንላቸው።