የሙሴ ኢልግ ትንሽ ባቡር

ጎንደር እስከ ዛሬ ባቡር ያልገባባት ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ባቡር ወደ ሀገራችን ደጃፍ መጀመሪያ የቀረበው በአንድ የጎንደር ክፍል ተወላጅ ምክንያት መሆኑን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የቋራውን ካሳ፣ ዳግማዊ አጼ ቴዎድሮስን፣ ለመውጋት ሲመጣ ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በሚገኘው በዙላ ጠረፍ ሐዲድ ዘርግቶ ስንቁንና መሣሪያውን ከመርከብ ወደ ተራራው ግርጌ ያጓጉዝ ነበር። ያ ባቡር ለሕዝብ መንገደኛ የተሠራ አልነበረም። የጦር ባቡር ሆኖ መጣ፤ ጦርነቱ ሲያልቅም ሥራው አብሮ አለቀ።

ከዚህ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው ዛሬ ታሪካቸውን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ አንኮበር የገቡት። በዘመኑ ልማድ ሕዝቡ ሙሴ ኢልግ ይላቸው ስለ ነበር፣ እኛም በዚሁ ስም እንጠራቸዋለን።

ሙሴ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. ፍራወንፌልድ በምትባል የስዊስ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የምሕንድስና ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ይፈልጋሉ የሚል መልእክት በኤደን ነጋዴዎች በኩል ስዊስ ደረሰ። ወጣቱ መሐንዲስም ከሁለት የሀገራቸው ባለሙያዎች ጋር ተነሥተው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ደረሱ። ዕድሜያቸው ገና ሃያ አራት ዓመት ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን የመጀመሪያውን ወንበር ስንይዝ ሥራው አነሰን የምንል ወጣቶች ይህን ዕድሜ ልብ ልንለው ይገባል። ለሙሴ ኢልግ የተሰጣቸው የመጀመሪያ ትእዛዝ፣ እንደሚነገረው፣ ጫማ መስፋት ነበርና። መሐንዲሱ ጫማ ሠሪ አይደለሁም ብለው አልተከራከሩም፤ ሰፍተው አቀረቡ። ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠሩ ታዘዙ። ገዝቶ ማስመጣቱ እንደሚረክስ ቢያስረዱም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም፤ ስለዚህ ጠመንጃውንም ሠሩት ይባላል።

የንጉሥ ምኒልክን ጥያቄ እንደ ጨዋታ የሚቆጥሩት ሰዎች የተሳሳቱ ይመስለናል። ከሳቸው በፊት አጼ ቴዎድሮስ በበጌምድር፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ የውጭ ሀገር ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ እንዲያፈሱላቸው አዘው ነበር። ከነዚያ ባለ እጆች አንዱ ቴዎፊሎስ ቫልድማየር ራሳቸው ስዊሳዊ ነበሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ እዚያ ፈሰሰ፤ በሰው ጉልበት እየተጎተተም መቅደላ ወጣ። ዳሩ ግን ብረቱ ቢገኝም ዕውቀቱ በሀገር ሰው እጅ ሥር ሳይሰድ ንጉሡም ጋፋትም አለፉ። ሸዋ ላይ ሆኖ ይህን የሰማ ንጉሥ፣ የመጣውን ፈረንጅ በጫማና በጠመንጃ ቢፈትን ምን ያስገርማል?

ወደ ባቡሩ እንመለስ። ሙሴ ኢልግ ስለ ምድር ባቡር ለንጉሡ ማስረዳት የጀመሩት ገና በአንኮበር ዘመናቸው ነው። ሆኖም ባቡር አይቶ ለማያውቅ ሰው ባቡርን በቃል ማስረዳት እጅግ ከባድ ነገር ነው። ከባድ ጋሪ በሁለት ቀጫጭን ብረቶች ላይ ሲሮጥ ለምን አይወድቅም? ለምንስ ከመንገዱ አይወጣም? መልሱ በመንኰራኩሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ያለው ከንፈር ነው፤ እሱ ሐዲዱን እየታከከ መንኰራኩሩን ከመስመሩ እንዳይወጣ ይይዘዋል። ይህን ቢናገሩት ጆሮ ያልፋል፤ ቢያሳዩት ግን ዓይን ይይዘዋል። ስለዚህ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉት ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ሙሴ ኢልግ ትንሽ ባቡር ከነሐዲዱ ሠርተው በንጉሡ ፊት አቀረቡ። በሀገራችን የመጀመሪያው የባቡር ሞዴል ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በአውሮፓ ዛሬ የባቡርና የባቡር ጣቢያ ሞዴል መሥራት ትልቅ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። ክፍሎቹ ተቆራርጠው፣ ተቆጥረው፣ በሳጥን ይሸጣሉ፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ ያጣብቃቸዋል። ሳጥን የሚመርጥ ሰው ግን ከሥዕሉ ውበት በፊት ልኩን መጠየቅ አለበት። በብዛት የሚሠራበት ልክ 1 ለ87 ነው፤ በዚህ ልክ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲም የሆነ በር ወደ 2 ሳንቲም ተኩል ግድም ይሆናል። ሐዲዱም እንደዚሁ ነው። የአውሮፓው መደበኛ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲም ስለ ሆነ በሞዴል 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። የጅቡቲና የአዲስ አበባው አሮጌ መስመር ግን ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ስለ ነበር በ12 ሚሊ ሜትር ይሠራል። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ጣቢያውን ከአንድ ሳጥን፣ ሐዲዱን ከሌላ ቢገዛ፣ ባቡሩ ከጣቢያው በር የሚበልጥበት ጊዜ ይመጣል። በዚያ ላይ በሳጥን የሚመጣው ጣቢያ ብዙውን ጊዜ ጣራው ለበረዶ ተብሎ የሾለ የጀርመን መንደር ጣቢያ ነው። የለገሃርን ጣቢያ ለመሥራት የፈለገ ልጅ ፎቶግራፍና ማስመሪያ ይዞ በካርቶን ቢጀምር ይሻለዋል ብለን እናምናለን።

ለሙሴ ኢልግ ይህ ምርጫ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አልነበረም። ከባሕር ዳር እስከ ሸዋ ድረስ ዕቃው ሁሉ በረሓውን በግመል፣ ደጋውን በበቅሎ ያልፋል። ግመል የሚችለው ሁለት ኩንታል ያህል ነው፤ በቅሎ ደግሞ ከአንድ ኩንታል ብዙ አታልፍም። ስለዚህ ከአውሮፓ የሚመጣ መኪና ሁሉ ተፈታትቶ በጭነት ልክ የሚከፋፈል መሆን አለበት፤ የማይከፋፈለው እዚሁ መሠራት አለበት፤ እዚህ የማይሠራው ይቀራል። በ1878 ዓ.ም. ገደማ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሲሠሩ ግንዱ ከሩቅ በሰው ትከሻ እየተጫነ መጣ፤ ምስማሩና ብሎኑም እዚያው ወንዙ ዳር በወናፍ ተቀጠቀጠ። በ1886 ዓ.ም. ከእንጦጦ ተራራ ሥር ውኃ በቧንቧ ስበው አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ሲያስገቡ ሕዝቡ እጅግ ተደነቀ። ውኃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ ሲሄድ ታይቶ አያውቅምና። ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ከፍ ያለ ስለ ነበረ ግን ውኃው በተዘጋው ቧንቧ ወርዶ በራሱ ክብደት ተገፍቶ ወጣ።

ዕቃ መምረጥን ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። በሐረር የነገደው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ለሙሴ ኢልግ ሸቀጥ እየላከ ሸዋ ውስጥ ያሸጥ ነበር። ከሸቀጦቹም መካከል የካቶሊኮች መቁጠሪያና የማስታወሻ ደብተር ይገኙ ነበር። ሙሴ ኢልግ አብዛኛው ሕዝብ መጻፍ በማያውቅበት ሀገር ለደብተሩ ገዢ ከየት ይመጣል ብለው በደብዳቤ ማማረራቸው ይታወቃል። ባለቅኔው ሳጥኑን ሲመርጥ ገዢውን አላየም ማለት ነው።

አጼ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ የባቡሩ ነገር ወደ ወረቀት ወረደ። በ1886 ዓ.ም. ለሙሴ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ተሰጣቸው። ፈቃዱ ለ99 ዓመት ሲሆን፣ መስመሩም በሦስት ክፍል ተመደበ፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋና ነጭ ዓባይ። ሙሴ ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሸፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቋሙ፤ ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1889 ዓ.ም. ደግሞ ሙሴ ኢልግ የመንግሥት አማካሪ የሚል ማዕረግ አግኝተው በውጭ ጉዳይ ሁሉ የንጉሠ ነገሥቱ ቀኝ እጅ ሆኑ። አማርኛን አጥርተው ይናገሩ ስለ ነበር ውል ሲዋዋሉ ቃል የሚጠፋባቸው አልነበሩም።

እዚህ ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ። ኩባንያው ገንዘብ አነሰው። የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች አክሲዮን እየገዙ ገቡ፤ የፈረንሳይ መንግሥትም መስመሩ በእንግሊዝ እጅ እንዳይወድቅ ፈርቶ በ1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ። በዚህ ውል መሠረት ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500 ሺሕ ፍራንክ ሊሰጥና ኩባንያውን ሊቈጣጠር ተስማማ። ይህ ሁሉ የሆነው ንጉሠ ነገሥቱ ሳይጠየቁ ነው። በገዛ ሀገራቸው የሚያልፍ መንገድ በሁለት የውጭ ሰዎች ውል የሌላ መንግሥት ንብረት ሊሆን መቃረቡን ሲያውቁ አጼ ምኒልክ ክፉኛ ተቈጡ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. የሐረርን ተራራ ትቶ ሜዳው ላይ ድሬዳዋ ደረሰና እዚያ ቆመ። ያቆመው የምሕንድስና ችግር አይደለም፤ ከባዶቹ የጅቡቲ ሸለቆዎች በብረት ድልድይ ታልፈው ነበር። ያቆመው ወረቀቱ ነው። ሙሴ ኢልግ የብረቱን ክፍል ሁሉ በግመል ልክ ሲመርጡ የኖሩ ሰው፣ የአክሲዮኑን ክፍል ማን እንደሚገዛው አስቀድመው የሚገድቡበት አንቀጽ አለማስገባታቸው ያስቈጫል።

በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ ሦስት ሆነው ሲዋዋሉ የሙሴ ኢልግ ዘመን ማብቃቱ ግልጽ ሆነ። በዚያው ዓመት ገደማ ሥራቸውን ለቀው ወደ ሀገራቸው ተመለሱ፤ ኩባንያውም ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. ፈቃዱ በአጼ ምኒልክ ሐኪም በዶክተር ቪታሊየን ስም ታድሶ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ሥራውን ቀጠለ።

አጼ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. አረፉ። ሙሴ ኢልግ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. በዙሪክ አረፉ። ያ ዓመት ልደት በ28 የሚከበርበት ዓመት ስለ ነበር፣ የሞቱበት ቀን የእኛ ገና ዕለት ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በተከታዩ ዓመት፣ በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ርዝመቱም ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። የለገሃር ጣቢያ ሕንጻ የተመረቀው ከዚያ ቆይቶ በ1922 ዓ.ም. ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ለገሃር አይደርስም፤ ስፋቱም እንደ አውሮፓው 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲም ነው።

ለእኛ ክፍል ደግሞ በ2000ዎቹ በወጣው የባቡር ፕላን ላይ ከወረታ በአዘዞ በኩል ወደ መተማ የሚያልፍ መስመር ተሥሎ ነበር። አዘዞ ላይ እስከ አሁን የተተከለ ሐዲድ የለም፤ ጣቢያውም በካርቶን እንኳ ገና አልተሠራም።