የተርቦ አባት፦ አልፍሬድ ቡቺ

ታቦር ክፍለ ከተማ ጋራዥ የገባ ባለመኪና ከሚፈራቸው ወሬዎች አንዱ ተርቦው ሄዷል መባሉ ነው። ለመሆኑ ይሄን ዕቃ ማን ፈጠረው?

አልፍሬድ ቡቺ እ.ኤ.አ. በ1879 በስዊዘርላንድ ቪንተርቱር ተወለደ። ዙሪክ ምህንድስና ተምሮ እንደወጣ አንድ ነገር ከነከነው፤ ከነዳጁ ጉልበት ትልቅ ድርሻ ሙቀት ሆኖ በማርሚታ ይባክናል። በ1905፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ በዚያው ጭስ ተርባይን አሽከርክሮ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚያስገባ ፈጠራ አስመዘገበ። ተርቦ ሲባል ለኛ ጆሮ የረሃብ ቃል ቢመስልም፣ ሥራው አየር የራበውን ሞተር ማጥገብ ነው።

ወዲያው ግን አልተሳካለትም። በ1915 ዙልዘር ፋብሪካ ውስጥ የሞከረው ሞተር አስተማማኝ አልሆነም። እሱ ግን አልተወውም። በ1920ዎቹ አጋማሽ የሁለት የጀርመን መርከቦች ሞተር በሱ ዘዴ ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት አደገ። በ1959 በ80 ዓመቱ አረፈ። ባለተርቦ የቤት መኪና አሜሪካ ውስጥ ገበያ የወጣው በ1962 ነው፤ እሱ አላየውም።

ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። ተርቦ ደግሞ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚዞረው በስስ ዘይት ላይ ተንሳፎ ነው። ስለዚህ ዘይት በጊዜው ቀይሩ። ከአዲስ አበባ ስትነዱ መጥታችሁ ታቦር ስትደርሱ ቁልፉን ወዲያው አትንቀሉ፤ ሞተሩ በሚኒሞ ትንሽ ይቆይ። ግፊት የምታስጨምሩም ካላችሁ ነዳጁና ማቀዝቀዣው አብረው ይስተካከሉ፤ አለዚያ ፒስተን ይቀልጣል።

20 ዓመት ለተለፋበት ዕቃ ሁለት ደቂቃ መታገስ አይበዛበትም።