ሙሴ ኢልግና የምድር ባቡር

አልፍሬድ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። ካደገ በኋላ በዙሪክ ከተማ የምሕንድስናን ጥበብ ተማረ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የአውሮፓን የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ ነበርና፥ ኢልግ ጥሪውን ተቀብሎ በረሃውን አቋርጦ በ1871 ዓ.ም. ሸዋ ገባ። ዕድሜውም 24 ዓመት ነበረ።

ንጉሡ ትልቅ ሥራ ከመስጠታቸው በፊት ፈተኑት። መሐንዲሱን ጫማ እንዲሰፋ አዘዙት ይባላል። ኢልግ ጫማ ሰፊ አልነበረም፤ በዚያም ዘመን በእጅ ሥራ የሚተዳደር ሰው በብዙዎች ዘንድ ይናቅ ነበረ። እርሱ ግን ትእዛዙን አልናቀም፤ ቆዳውን ቈርጦ ሰፋው። ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ፤ ያንንም ሠርቶ አቀረበ። ከዚህ በኋላ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። በ1886 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦን ውኃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አመጣ። ውኃው ቍልቍል ወርዶ እንደ ገና ወደ ኮረብታው ሲወጣ ያየው ሕዝብ እጅግ ተደነቀ። ሰውም ሙሴ ኢልግ እያለ ይጠራው ጀመረ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበው ግን የጭነት ነገር ነው። የከፋ ቡና በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ ነበረ፤ ከዚያም እስከ ባሕር ድረስ ሌላ ረዥም መንገድ ይቀረው ነበረ። አንዲት በቅሎ ከአንድ ኩንታል ብዙ አትጭንም። ዝናም ይመታታል፥ ወንዝ ይሞላባታል፥ ጀርባዋም ይቈስላል። የመንገዱ ኪሣራ ከቡናው ዋጋ ብዙውን ይበላ ነበረ፤ ነጋዴ ቢያተርፍም ገበሬው ያገኘው ጥቂት ነው።

በእንግሊዝ አገር ግን ይህ ችግር አስቀድሞ መፍትሔ አግኝቶ ነበረ። ጆርጅ ስቲቨንሰን የሚባል የከሰል ጕድጓድ ሠራተኛ በ1806 ዓ.ም. 30 ቶን ያህል የሚጐትት የእንፋሎት ባቡር ሠራ። ርምጃው የሰው ርምጃ ያህል ነበረ፤ ጭነቱ ግን የ300 በቅሎ ጭነት ነው። ብዙ ሰዎች ለስላሳ መንኰራኵር በለስላሳ ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል ብለው ይጠራጠሩ ነበር፤ የባቡሩ ክብደት ራሱ መንኰራኵሩን ከሐዲዱ ጋራ አጣብቆ እንደሚይዘው ሥራው አስረዳቸው። አሠራሩም እንዲህ ነው። እሳቱ በትልቁ የብረት ጋን ውስጥ ያለውን ውኃ ያፈላዋል። እንፋሎቱ ታፍኖ መውጫ ሲያጣ በቱቦ ገብቶ ብረቱን ይገፋል፤ የተገፋውም ብረት በዘንግ መንኰራኵሩን ያዞራል። በ1818 ዓ.ም. ይህን የመሰለ ባቡር ከሰልና ሰው ጭኖ በአደባባይ ሄደ፤ ከዚያም ነገሩ ወደ ዓለም ሁሉ ተዛመተ።

ኢልግ ይህን ለኢትዮጵያ ተመኘ። በ1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ ለመሥራት ፈቃድ ሰጡት። መንገዱ በሦስት ክፍል ተከፈለ፤ መጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ አባይ ነበረ።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በሐዲዱ መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነው። በረሃው እንደ እሳት ይፋጃል፤ የእንፋሎት ባቡር ደግሞ ያለ ውኃ አይሄድም። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ስላስቸገረ ሐዲዱ ከተራራው በታች ቀረ፥ በዚያም ድሬዳዋ ተቈረቈረች። ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ።

ነገር ግን ገንዘቡ አልቆ ነበረ። ኩባንያው ዕዳ ስለ በዛበት በ1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋራ ውል አድርጎ፥ ለዚያ መንግሥት በሐዲዱ ላይ ትልቅ ሥልጣን ሰጥቶ ነበረ። ዐፄ ምኒልክ ይህን በሰሙ ጊዜ ተቈጡ፤ በአገራቸው ምድር ላይ የሌላ መንግሥት ሥልጣን እንዲገባ አልፈቀዱም። ቍጣቸውም በከንቱ አልነበረም። ኢልግ በሁለት እሳት መካከል ቆመ፤ ንጉሡን በብዙ ዓመት አገልግሏል፥ ሐዲዱም የልቡ ሥራ ነው። ሥራው ለዓመታት በድሬዳዋ ቆመ፤ ኩባንያውም ከሰረ። ኢልግም አገልግሎቱን ትቶ በስዊስ አገር ተቀመጠ።

ሐዲዱን ሌላ ኩባንያ ቀጠለው። ኢልግ ግን በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ ሞተ። በሚከተለው ዓመት፥ በ1909 ዓ.ም.፥ ባቡሩ እየጮኸና ጢሱን እያወጣ አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ ጀምሮ የሐዲዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበረ። ቡናውም ከዋናው ከተማ እስከ ባሕር በሐዲድ ይወርድ ጀመረ።

በ1886ቱ ፈቃድ ላይ የተጻፈው ሦስተኛው ክፍል ግን አልተሠራም። የከፋና የአማን ቡና እስከ አዲስ አበባ ድረስ በበቅሎ ጀርባ መሄዱን ቀጠለ፤ በኋላም መኪና ተተካለት።