ከወሊሶ የተነሣ ድምፅ፤ የጥላሁን ገሠሠ አጭር የሕይወት ታሪክ

በግድግዳ ጋዜጣ ላይ የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ግን ሳይንቲስት፣ ደራሲ ወይም አርበኛ ነው። ዛሬ የምናነሣው ድምፃዊ ነው። ምነው ዘፋኝ ተመረጠ የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። የዚህ ሰው ታሪክ የሚጀምረው መድረክ ላይ ሳይሆን ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ አንድ ርዕሰ መምህር ለአንድ ተማሪ ከሰጡት ምክር ነው የሚነሣው። ስለዚህ ነገሩ እኛን፣ ማለትም ነገ ክፍል ውስጥ የምንቆመውን ዕጩ መምህራን፣ በቀጥታ ይመለከተናል።

ጥላሁን ገሠሠ ከአባቱ ከአቶ ገሠሠ ወልደ ኪዳንና ከእናቱ ከወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ተወለደ። ዕለቱ የመስቀል በዓል ነበር፤ ሀገሪቱ ግን ገና ከፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ አልተላቀቀችም ነበር። ልጁ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በወሊሶ ከተማ ከአያቱ ጋር ኖረ፤ ራስ ጎበና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ገብቶ ተማረ። በኋላ ዘመን በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛም የዘፈነው ይህ የአካባቢው ቋንቋ ስለነበረ ነው።

ጥላሁን ከደብተሩ ይልቅ ዘፈኑ ላይ ያዘነብል ነበር። አያቱ ይህን አልወደዱትም። ልጁ ዘፈኑን ትቶ በትምህርቱ እንዲበረታ ደጋግመው መከሩት። አያትዮውን ለመውቀስ አንቸኩል። በዚያ ዘመን አዝማሪነት በብዙ ቤት እንደ ዝቅተኛ ሥራ ይታይ ነበር፤ ፊደል የቆጠረ ልጅ ደግሞ የመንግሥት ሥራ ይዞ ወገኑን ይረዳል ተብሎ ተስፋ ይጣልበታል። ታዲያ የትኛው አያት ነው የልጅ ልጁን ሂድና ዝፈን ብሎ የሚመርቀው?

በትምህርት ቤቱ ግን ሌላ ሰው ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ሸዳድ የሚባሉ ሱዳናዊ ነበሩ። እኚህ ሰው የልጁን ድምፅ ሰምተው ዝም አላሉም። ዝንባሌውን አበረታቱለት፤ በሙዚቃው መግፋት ከፈለገም አዲስ አበባ መሄድ እንደሚኖርበት ነገሩት። ልብ እንበል፦ ርዕሰ መምህሩ የሙዚቃ አስተማሪ አልነበሩም፤ ለልጁ መሣሪያም ሆነ ኖታ አላስተማሩትም። የሰጡት ነገር ቢኖር ያለው ችሎታ እውነተኛ ችሎታ መሆኑን ማረጋገጫ ነው።

ከዚያ በኋላ የሀገር ፍቅር ባለሙያዎች ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው ዝግጅታቸውን አሳዩ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተቋቋመ ሲሆን፣ በኋላ የቴአትርና የሙዚቃ ቤት ሆኖ ቀጥሏል። ወሊሶ ከመጡት መካከል ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይና አቶ ኢዮኤል ዮሐንስ ይገኙበታል። ጥላሁን አጋጣሚውን አላሳለፈውም፤ ወደ አቶ ኢዮኤል ቀርቦ ፍላጎቱን ነገራቸው። እሳቸውም ሙያውን ከፈለገ አዲስ አበባ እንዲመጣ መከሩት። ልጁ አንድን ምክር ሁለት ጊዜ፣ ከሁለት የተለያዩ ሰዎች መስማቱ ነው። ሁለተኛውን ሲሰማ ቆረጠ።

ከዚያማ ትምህርቱን ጥሎ በእግሩ ወጣ። አብሮት የሄደ ትልቅ ሰው አልነበረም። ቱሉ ቦሎ ድረስ ተጓዘ። ከወሊሶ ቱሉ ቦሎ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከእኛ ከሐዋሳ እስከ ሻሸመኔ ካለው ይበልጣል። አያቱ ተከታትለው ደረሱበትና ዘመድ ቤት አድረው ወደ ወሊሶ መለሱት። ጥላሁን ግን በአያቱ ቤት ያደረው አንዲት ሌሊት ብቻ ነው። በማግሥቱ ዕቃ በጫነ የጭነት መኪና ላይ ተደብቆ እንደገና ተነሣ፤ በዚህኛው ጊዜ አዲስ አበባ ገባ።

አዲስ አበባ እንደደረሰ ሀገር ፍቅር ተቀጠረ። ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛወረ። እዚህ ላይ የዚያን ዘመን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ አንድ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ባንድ ያቋቁማል፤ ሲሻው ይለያል፤ የራሱን አልበም ያወጣል። ያኔ ግን ዘመናዊ ሙዚቃ በአመዛኙ የመንግሥት ነበር። ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች የክቡር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱ፣ የፖሊሱና የቴአትር ቤቱ ነበሩ። ድምፃዊውም የዚያ ቤት ደመወዝተኛ ነው፤ ከወታደሩ ቤት ከሆነ ደግሞ በወታደር ደንብ ይተዳደራል። የሚዘፍነው ቤቱ ያዘጋጀውን፣ የሚዘፍንበትም ቤቱ የላከው ቦታ ነው። ከዚሁ ከክቡር ዘበኛ ቤት ብዙነሽ በቀለና በኋላም ማሕሙድ አሕመድ የመሳሰሉ ድምፃውያን ወጥተዋል። ጥላሁን በዚህ ቡድን ውስጥ ሆኖ ነው ከሁሉ ፊት የሚታይ ኮከብ የሆነው።

የቡድን አባልነት ግን ዋጋ ያስከፍላል። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል እያሉ፣ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዲየር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ አደረጉ። ሙከራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ። የክቡር ዘበኛ ሰው የሆነ ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ታየ፤ ጥላሁንም ታሰረ። አልቻልኩም የተባለው ዘፈኑ የፍቅር ዘፈን ሆኖ ሳለ ሌላ ትርጉም ተሰጠው፤ አድማጩም ባለሥልጣኑም ፖለቲካ ሰሙበት። በሃያ ዓመቱ አንድ ነገር ተማረ ማለት ነው፦ ዘፈን ከአፍ ከወጣ በኋላ የዘፋኙ ብቻ አይደለም። ከእስር ሲወጣ ሙያውን አልተወም። በኋላም በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ይባል ወደነበረው፣ ከአብዮቱ ወዲህ ብሔራዊ ቴአትር ወደተባለው ቤት ተዛወረ።

ስሙ ከቡድኑ ተለይቶ በየቤቱ እንዲገባ ያደረገው ሸክላው ነው። ሸክላ የማሳተም መብት ለረጅም ጊዜ በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ደፍሮ በመጣስ፣ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የተገኘውን የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች በራሱ አሳተመ። ከዚያ ወዲያ በሩ ተከፈተ። የጥላሁንም ሸክላዎች በፊሊፕስና በሌሎች አሳታሚዎች ወጡ። በትንሿ ሸክላ አንድ ገጽ ላይ አንድ ዘፈን አለ፤ ከላይ የሚነበበውም የዘፋኙ ስም ነው። ቡና ቤት ገብቶ የጥላሁንን አሰማን የሚል ሰው የየትኛው ኦርኬስትራ እንደሆነ አይጠይቅም። በሌላው ዓለምም በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ነገር ይታይ ነበር፤ በአሜሪካ ሳም ኩክ እ.ኤ.አ. በ1957 ከመንፈሳዊ የመዝሙር ቡድኑ ወጥቶ፣ ዳያና ሮስ ደግሞ በ1970 ከሱፕሪምስ ተለይታ ለየራሳቸው መዝፈን ጀመሩ። ልዩነቱ እነሱ ከኩባንያ ጋር ውል ሲፈራረሙ፣ የእኛዎቹ ከደመወዝተኛነት ሳይወጡ በስማቸው መታወቃቸው ነው።

ለብቻ መዝፈን ማለት ግን ብቻን መሥራት አይደለም። ጥላሁን የዘፈናቸውን አብዛኞቹን ግጥሞችና ዜማዎች የሠሩለት ሌሎች ናቸው። እንደ ሳህሌ ደጋጎ ያሉ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ዜማ ደረሱ፣ ሙዚቃ አቀነባበሩ፤ ስማቸው ግን በሕዝብ ዘንድ የድምፃዊውን ያህል አልታወቀም። የጥላሁን የራሱ ድርሻ ምን ነበር ቢባል፣ የድምፁ ጉልበት እንዳለ ሆኖ፣ ቃሉን አጥርቶ ማውጣቱ ነው። ኦርኬስትራው ምንም ያህል ቢጮህ ከግጥሙ አንድ ቃል አይጠፋም። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ እንዲሰማው የሚፈልግ መምህር ከዚህ የሚማረው ነገር አለ።

በ1966 ዓ.ም. ገደማ የወሎ ረሃብ ሲገለጥ፣ ጥላሁን ዋይ ዋይ ሲሉ የተሰኘውን ዘፈን ዘፈነ፤ በዝግጅቶችም ለተጎጂዎች ገንዘብ እንዲሰበሰብ ረዳ። ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሰዓት እላፊ ለዓመታት በመታወጁ የምሽት ክበቦች ተዳከሙ፤ ብዙ ሙዚቀኞች ከሀገር ወጡ፤ ሸክላም ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ የጥላሁን ድምፅ ከራዲዮ አልጠፋም። በሦስት የተለያዩ መንግሥታት ዘመን ዘፈነ፤ የሦስቱም ዘመን ሰው አዳመጠው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሙዚቃ ላበረከተው አስተዋፅዖ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። አንደኛ ደረጃ ትምህርቱን ጥሎ በጭነት መኪና ላይ የተደበቀው ልጅ የዩኒቨርሲቲ ካባ ለበሰ እንግዲህ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የስኳር በሽታ ክፉኛ አሠቃየው። ፋሲካ በዋለበት ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በ68 ዓመቱ አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፈ። እጅግ ብዙ ሕዝብ ሸኝቶት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ከሞተ ይኸው ስንት ዓመት አለፈው፤ ሠርግ ቤትም፣ አውቶቡስ ውስጥም፣ እዚህ የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባሉ ቡና ቤቶችም ድምፁ አሁንም ይሰማል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንውሰድ? ችሎታ ያለው ልጅ ሁሉ ትምህርቱን ጥሎ ይሂድ የሚል ትምህርት እንዳንወስድ። አንዱ ጥላሁን ሲሆን፣ በዚያው መንገድ ወጥተው የትም ያልደረሱ፣ ስማቸውን የማናውቅ ልጆች ይኖራሉ። የአያትየው ሥጋት ከንቱ አልነበረም። የርዕሰ መምህሩም ምክር ስሕተት አልነበረም። የጎደለው የሁለቱ መገናኘት ነው፤ ልጁ ትምህርቱን ሳይጥል ድምፁን የሚያሳድግበት መንገድ አልነበረም። ምርጫው ወይ ደብተር ወይ መኪና ሆነበት።

ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አለ፤ የሙዚቃና የሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜም አለ። ክበቡ ግን የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ማድመቂያ ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ቦታ ጥቂት አይደለም። እኛ ከዚህ ተመርቀን ወደ ገጠር ቀበሌዎች ስንበተን፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ፣ በጌዴኦኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የሚዘፍን ልጅ ክፍላችን ውስጥ ይገጥመን ይሆናል። ያን ልጅ አትረብሽ ብለን ማስቀመጥ ቀላል ነው። ሂድ፣ ከተማ ግባ ብሎ መሸኘትም ቀላል ነው። ከባዱ ሥራ ልጁን ሰምቶ፣ ወላጁን ጠርቶ አነጋግሮ፣ ደብተሩንም ድምፁንም አብሮ እንዲይዝ መርዳት ነው።

እስቲ ይህን በየቡድናችን እንወያይበት፦ በሚስተር ሸዳድ ቦታ ብትሆኑ ኖሮ ለዚያ ልጅ ምን ትሉት ነበር? ለአያቱስ?