ከነጋሪት እስከ ስልክ፦ ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የድምፅ መንገድ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ አንጎለላ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው በአፄ ቴዎድሮስ ተማርከው አሥር ዓመት ያህል በግዞት ከኖሩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምባ አመለጡ። የወረሂመኖዋ ገዥ ወይዘሮ ወርቂት ተቀብለው ወደ ሸዋ ሸኟቸው። በመቅደላ ታስሮ የነበረው የወይዘሮዋ ልጅም በዚሁ ምክንያት ተገደለ።

ያመለጡበት የወሎ ደጋ በሸለቆዎች የተከፋፈለ ነው። ከመቅደላ ግርጌ የበሽሎ ሸለቆ፣ ከመካነ ሰላምና ከቦረና በስተምዕራብ ደግሞ የዓባይ ሸለቆ ይገኛል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሸለቆው ስፋት 1 ሺህ ሜትር ቢሆን ከማዶ የተጣራ ሰው ድምፅ በ3 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል፤ ቁልቁለቱን ወርዶ አቀበቱን ለሚወጣ መልእክተኛ ግን ጉዞው የሰዓታት ነው።

ይሁንና የድምፅ ጉልበት ወሰን አለው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል የሚጓዝ ሲሆን፣ ጮክ ማለት ርቀቱን እንጂ ፍጥነቱን አይጨምርም። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ፍጥነቱን የሚወስነው የሚያልፍበት ነገር ነው፤ በውኃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1 ሺህ 500 ሜትር፣ በብረት ውስጥ ደግሞ ወደ 5 ሺህ ሜትር ይደርሳል። የደጋው አየር ስስ ቢሆንም ፍጥነቱን በጥቂቱ የሚቀንሰው ቅዝቃዜው ነው።

በመስከረም 1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ የሸዋ ጦር በጥቅምት አጋማሽ በወረኢሉ እንዲገናኛቸው አዘዙ። አንድ ነጋሪት ምንም ያህል ቢጎሰም ከአንዱ ገበያ እጅግ ርቆ አይሰማም። አዋጁን ለሕዝብ ያዳረሰው የሰሚው ቅብብሎሽ ነበር። ሠራዊቱም በቀጠሮው ተሰብስቦ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ድል ተገኘ።

ንጉሠ ነገሥቱ የቅብብሎሹን መዘግየት የሚያስቀር መሣሪያ ቀደም ብለው አግኝተው ነበር። ራስ መኮንን በ1882 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ሲመለሱ ስልክ ይዘው መጡ። አንዳንድ ካህናት መሣሪያውን የሰይጣን ሥራ ነው በማለት እንደተቃወሙት ይነገራል፤ አፄ ምኒልክ ግን አልተዉትም። ስልክ ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ በሽቦ ስለሚልክ ተናጋሪው መጮኽ ሳያስፈልገው ቃሉ በቅጽበት ሩቅ አገር ይደርሳል። ከጊዜ በኋላ አዲስ አበባ በሽቦ ከሐረር ጋር ተገናኘች፤ ወሎንና ትግራይን አቋርጦ አስመራ የሚደርስ መስመርም ተዘረጋ።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። በ1901 ዓ.ም. የወሎው ራስ ሚካኤል ልጅ የሆኑትን የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አሳወቁ። ብዙም ሳይቆይ በጠናባቸው ሕመም አንደበታቸው ተዘጋ። ነጋሪት ያስጎሰሙት ንጉሠ ነገሥት መናገር ቢሳናቸውም ሹማምንቱ በየመሥሪያ ቤታቸው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ በሽቦውም መልእክት መተላለፉ አልተቋረጠም።

አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። የመንግሥት ቃል ሕዝብ ዘንድ የሚደርሰው ከጩኸቱ ብርታት ይልቅ በሚያልፍበት መንገድ መሆኑን ግን ሥራቸው ያሳያል።