ማይክሮፎን ይፈሩ የነበሩት ንጉሥ

የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆኖ የስቱዲዮው ቀይ መብራት ሲበራ ልቡ ድው ድው የማይልበት ካለ ዕድለኛ ነው። ለአብዛኞቻችን ግን ፍርሃቱ ሁለት ሦስት ዜና ካነበብን በኋላ ይለቀናል። ለሚንተባተብ ሰው ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ቃሉን ያውቀዋል፣ ስክሪፕቱንም ራሱ ጽፎታል፤ የመጀመሪያዋ ድምፅ ግን ጉሮሮው ላይ ተቆልፋ ትቀራለች። ይህን የምጽፈው ከውጭ ሆኜ አይደለም። እኔም ተብታባ ነኝ፤ የክፍል ጓደኞቼም ያውቁታል። ታዲያ ለዚህ እትም የማንን ታሪክ ልጻፍ ብዬ ሳስብ ቀድሞ የመጣልኝ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የእንግሊዝ ንጉሥና የአዳማ ልጅ ምን አገናኛቸው የሚል ይኖራል። ይገናኛሉ። በ1941 የጣሊያን ጦር ከአገራችን ሲባረር ከሐረር ተነስቶ አዋሽን ተሻግሮ በአዳማ በኩል አዲስ አበባ የገባው፣ ከዚያም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዙሪያ ሻሸመኔና አላባ ቁሊቶ ድረስ የተዋጋው የእንግሊዝ ጦር የዘመተው በዚሁ ንጉሥ ስም ነበር። ከኬንያና ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶች የተመለመሉት ወታደሮች እንዲያውም ክፍላቸው ራሱ የንጉሡ የአፍሪካ ተኳሾች ነበር የሚባለው። ስሙን ተሸክመው በእኛ ከተሞች ያለፉት እነዚያ ወታደሮች፣ ንጉሣቸው «ንጉሥ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለመጥራት እንደሚቸገር ማን ነግሯቸው!

የልጅነት ስሙ አልበርት ነው፤ ቤተሰቡ በርቲ ይለው ነበር። የተወለደው ዲሴምበር 14 ቀን 1895 ሲሆን ሁለተኛ ልጅ በመሆኑ ዙፋኑ የታላቅ ወንድሙ የኤድዋርድ ነው እየተባለ አደገ። ግራኝ ስለነበር በቀኙ እንዲጽፍ አስገደዱት። ጉልበቶቹ ስለሚነካኩም እግሮቹ እንዲቃኑ በሚያሳምም ማሰሪያ ይታሰሩ ነበር። ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው መንተባተብ ጀመረ። አባቱ ጆርጅ 5ኛ ቁጡ ሰው ነበሩና ልጁ ቃል ሲያቅተው ትዕግሥት አጥተው ያጣድፉት ነበር። በዚያ ዘመን ብዙዎች መንተባተብን ግራኝን በቀኝ ከማስጻፍ ወይም ከድንጋጤ የሚመጣ አድርገው ያዩት ነበር። ዛሬ የሚታወቀው ሌላ ነው። በዘር የሚተላለፍበት ሁኔታ አለ፤ አንጎል ንግግርን ከሚያቀናጅበት መንገድም ጋር የተያያዘ ነው። ከጎልማሶች መካከል 1 በመቶ ያህሉ የሚንተባተቡ ሲሆን ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ይበዛሉ። ፍርሃት ያባብሰዋል እንጂ አይወልደውም። «ተረጋግተህ ተናገር» የሚሉን ሰዎች ይህችን ቢያውቁልን ደስ ይለኛል።

በባሕር ኃይል ትምህርት ቤት በመጨረሻው ፈተና ከ68 ተማሪዎች 68ኛ ወጣ። ሰነፍ ስለነበር ብቻ አይመስለኝም። መልሱን እያወቀ እጁን የማያወጣ ተማሪ በአስተማሪ ዓይን እንዴት እንደሚታይ ለኔ ነጋሪ አያስፈልገኝም። ፈሪ ግን አልነበረም፤ በ1916 በጀትላንድ የባሕር ውጊያ ላይ መርከቡ ውስጥ ሆኖ ተዋግቷል። በ1923 ኤልዛቤት ቦውስ ላየንን አገባ።

ኦክቶበር 31 ቀን 1925 በዌምብሌይ የተካሄደውን ታላቅ ኤግዚቢሽን በንግግር እንዲዘጋ ታዘዘ። ያ ቀን ለእሱም ለሰሚውም ጭንቅ ነበር። መንጋጋው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ከዚያ በፊት ብዙ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ተስፋ ቆርጦ ነበርና ሌላ መሞከር አልፈለገም። ባለቤቱ ናት ያግባባችው። በኦክቶበር 1926 ለንደን ውስጥ ክሊኒክ የከፈተ ላየነል ሎግ የሚባል አውስትራሊያዊ ጋ ሄደ።

ሎግ የሕክምና ዲግሪ አልነበረውም። ያስተማረው ነገርም ተአምር የለበትም፦ ከሆድ መተንፈስ፣ በየቀኑ ልምምድ፣ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ቆራርጦ ማንበብ። ልዑሉ በአንድ ዓመት ከሁለት ወር ውስጥ 82 ጊዜ ተመላልሷል። በሜይ 1927 ካንቤራ ላይ የአውስትራሊያን ፓርላማ ሕንፃ ሲከፍት ንግግሩ ያማረ ሆነለት።

ከዚያ በዲሴምበር 1936 ወንድሙ ኤድዋርድ የሚወዳትን ሴት ለማግባት ሲል ዙፋኑን ተወና ያልጠበቀው አክሊል እሱ ላይ ወደቀ። (እስካሁን «እሱ» እያልኩ መጥቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ንጉሥ ናቸውና አንቱ ልበላቸው።) ጊዜው ለተብታባ ንጉሥ አይመችም ነበር። ሬዲዮ በየቤቱ ገብቷል፣ ስርጭቱም በቀጥታ ነው። ዛሬ እኛ በኮምፒውተር ቆርጠን የምናወጣት የአንድ ሰከንድ ዝምታ ያን ጊዜ የትም አትደበቅም።

ሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀች። የዚያኑ ዕለት ማታ ንጉሡ ለሕዝባቸው መናገር ነበረባቸው። ሎግ ጽሑፉን ቀድሞ አይቶ የት የት ማረፍ እንዳለባቸው በቋሚ መስመር ምልክት አድርጎበታል። የሚያስቸግሩ ቃላትም በሌላ ቃል ተተክተዋል። ሙሴ አንደበቱ ሲከብደው ወንድሙ አሮን ተናግሮለታል፤ ለእሳቸው ግን በቦታቸው የሚናገር አሮን አልነበረም። ሎግ ማይክሮፎኑ አጠገብ ቆሞ ከማየት በቀር ሊያደርግላቸው የሚችለው ነገር አልነበረም። ቅጂው ዛሬም ይገኛል፤ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ጽሑፉ 400 ቃል ገደማ ነው፤ እሳቸው ከ5 ደቂቃ በላይ ወስደውበታል። የሬዲዮ ዜና አንባቢ በግማሹ ጊዜ ይጨርሰው ነበር። መቆማቸው ይሰማል፣ አንዳንዱ ዝምታም ከምልክቱ ይረዝማል። የሚገርመው ታዲያ ያ ቀስታ ለዚያ ቀን የሚመጥን መሆኑ ነው። እንደ ስፖርት ዘገባ ቢያንበለብሉት ማን ይሰማቸው ነበር?

በ2010 የወጣው «የንጉሡ ንግግር» የተባለው ፊልም ይህንኑ ታሪክ ይተርካል። ድርሰቱን የጻፈው ዴቪድ ሳይድለር ራሱ በልጅነቱ የሚንተባተብ ነበር። የንጉሡን ባለቤት ፈቃድ ጠይቆ እሳቸው በሕይወት እያሉ እንዳይሠራው ስለለመኑት እስኪያርፉ ጠብቋል። እሳቸው በ2002 ዐረፉ። ፊልሙን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ሲያልቅ ንጉሡ የዳኑ ይመስላል። አልዳኑም። በጦርነቱ ዓመታት ሁሉ ሎግን ያስጠሩ ነበር። የገናን መልእክት ሎግ አጠገባቸው ሳይኖር ያነበቡት ገና በ1944 ነው፤ አብረው መሥራት ከጀመሩ ከ18 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ተንተባታቢ ሆነው ነገሡ፣ ተንተባታቢ ሆነው ጦርነቱን አለፉ፤ በየዓመቱም ማይክሮፎኑ ፊት ተመልሰው ቆሙ። ይህ ለኔ ከፊልሙ ይበልጥብኛል።

በ1951 አንድ ሳንባቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ። የዚያን ዓመት የገና መልእክት እንደ ወትሮው በቀጥታ ማንበብ ስላልቻሉ ድምፃቸው ቀደም ብሎ ተቀዳ። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር፣ አቅም ባገኙ ሰዓት፣ እያረፉ። በቀጥታ ያልተላለፈ ብቸኛው የገና ንግግራቸው ይህ ነው። በተሰራጨ በስድስተኛው ሳምንት፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1952 በተኙበት ዐረፉ። 56 ዓመታቸው ነበር። ሎግም በ1953 ተከተላቸው።