ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና የጋፋት ምድጃ

ቴዎፍሎስ ዋልድማየር በ1832 ዓመተ ምሕረት በስዊስ አገር ተወለደ (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። በባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር አስተባብረው እንዲያስተምሩ ከተላኩት ወጣቶች አንዱ በመሆን በ1850ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተቀምጦ የጆን ቤልን ልጅ አገባ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከስብከቱ ይልቅ የፈለጉት መድፍ ነበር። የጋፋት ሰዎች ሙያው እንደሌላቸው ቢያመለክቱም ሰሚ አላገኙም። ስለዚህ ማቅለጥን የተማሩት እየሠሩ፣ እየከሸፈባቸውም ነው።

የሥራውን ክብደት በአሸዋ ቅርጽ ብረት የሚያፈስስ ባልደረባ ሁሉ ያውቀዋል። የውጭው ቅርጽ በአፈር ይበጃል፤ የአፈ ሙዙን ባዶ ቦታ የሚጠብቅ እምብርት በመካከሉ ይቆማል፤ ሁለቱም ፈጽመው መድረቅ አለባቸው። ጥቂት እርጥበት ከቀረ የቀለጠው ነሐስ ሲነካው እንፋሎት ይሆንና ሥራውን በአረፋ ያበላሸዋል፤ አንዳንዴም ያፈነዳዋል። ምድጃው ሙቀቱን ካልያዘ ደግሞ ነሐሱ ቅርጹን ሳይሞላ ይረጋል። ወናፉን እየነፉ፣ ጭቃውን እያቦኩ የደከሙት ኢትዮጵያውያን ስማቸው በመጽሐፍ አልገባም። አገሩ ባለ እጅን በቡዳነት ያማ በነበረበት ዘመን ንጉሡ ለሙያው የሰጡት ክብር፣ ማስገደዳቸው ሳይዘነጋ፣ ሊታሰብ ይገባዋል።

ዋልድማየር ሽልማትም ፍርሃትም አልተለየውም። እሱ መድፍ ሲያፈስስ ሌሎች አውሮፓውያን በመቅደላ በእግር ብረት ታስረው ነበር፤ በ1867 የጋፋት ሠራተኞችም ከእስር አላመለጡም። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ፣ በወሬ ሰባ ቶን ቢባልም ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ገደሉ እየተናደ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በመጋቢት 1868 መቅደላ ደረሰ። ዋልድማየርም አብሮ ተጓዘ። በሚያዝያ ንጉሡ ራሳቸውን ሲሠዉ እሱ ነጻ ወጣ።

ከዚያ በኋላ መድፍ አልሠራም። ሊባኖስ ተቀምጦ በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ በ1896 ደግሞ በቤይሩት አጠገብ በዐስፉሪየ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። በ1915 ዐረፈ። ሴባስቶፖል አሁንም መቅደላ አምባ ላይ ነው።